ቀልድ ነው ብል ማን ይመነኝ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

በቅድሚያ ቁጭ በይ። የያዝሽውን ድስት አውርጂ፣ መነጽርሽን ፈልጊ፤ ግንባርሽ ላይ ነው። በከባድ ሐዘንና በጥልቅ ድንጋጤ የማረዳሽ ነገር አለ፦ ወንድምሽ እውነት ተናግሯል ተብሎ ተጠርጥሯል። ጉዳዩ ገና አልተዘጋም።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ጋሼስ፣ ያ ባልሽ፣ አሁንም ዜና ሲያይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጨቃጨቃል? የልጅሽስ የጉንጮ ጉንጭ ቀነሰ ወይስ ጨርሶ አንገቱን ዋጠው? ሁላችሁም ደህና ከሆናችሁ እኔም ከመብገኔ በቀር ደህና ነኝ። ደውዬ ልነግርሽ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ አንቺ ስትስቂ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ ዋናውን ሳልነግርሽ እዘጋለሁ። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ወደ እናንተ ለሚመጣው የአውቶቡስ ሹፌር የሰጠሁት፤ ዛሬውኑ ያደርስልሻል።

እንደምታውቂው እዚህ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ዶርም ፕሮክተር ነኝ። ማለትም ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ፍራሽ እቆጥራለሁ፣ የተጣሉትን አስታርቃለሁ፣ ያልተጣሉትን ደግሞ ቀስ ብዬ አጣላለሁ። ሰሞኑን ከተማሪ ጋር የሚሠራ ሁሉ የተማሪ ደህንነት ሥልጠና ካልወሰደ ተባለና አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጎርን። መምህራኑ፣ ነርሷ፣ የምግብ ቤት ሠራተኞቹ፣ የጥበቃዎቹ አለቃ ሻምበል፣ ማን ቀረ! አለቃዬም ከፊቴ ተቀምጧል። ደህና አደርክ ሲል እንኳ ስለሚጮህ ሳይረን ነው የምለው፤ እሱ ግን አያውቅም፣ አደራ።

አሠልጣኟ የግቢው የተማሪዎች ደህንነት ኃላፊ ናት። ቀስ ብላ ስለምትናገር ለመስማት ስንል ሁላችንም አንገታችንን አስግገናል። ተማሪ መጥቶ ሰው ጎዳኝ ቢላችሁ ስሙት አለች። አታቋርጡት፣ አትመርምሩት፣ ለማንም አልናገርም ብላችሁም ቃል አትግቡለት፤ ሊረዳው ለሚችል ሰው መንገር አለባችሁና። ይህንን ስትል እኔ የሳይረንን ጃኬት በመርፌ ቁልፍ ከወንበሩ ጋር እያያያዝኩ ነበር። አየችኝ። ና እስቲ አንተ፣ ተማሪ ሁንልን አለችኝ። ሻምበል ደግሞ ሰሚ ሆነው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ መድረክ ከሰጡኝ አልወርድም። ፊቴን አጨማደድኩ፣ አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አፌ ላይ የመጣውን ለቀቅኩት። ጋሼ ሻምበል፣ ልጅ ሆኜ አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፣ ጎበዝ ነህ ላስጠናህ ብሎ ሌሎቹ ሲሄዱ እኔን ያስቀረኝ ነበር አልኳቸው። ሰዉ ገና እየሳቀ ነው። በሩን ከውስጥ ይቆልፍና ቁልፉን ኪሱ ይከታል አልኩ። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር ልጨምርበት ነበር። የኔ ቀልድ መቼም አልቆ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን አንድ እንኳ ጠፋ። ሳቁም ቆመ። ሻምበል የተማሩትን ሁሉ ረስተው ብድግ አሉና ማነው እሱ፣ የት ነው የሚገኘው ብለው ዱላቸውን አነሡ። ይቀመጡ ሻምበል፣ እየሰማነው ነው አለቻቸው አሠልጣኟ። እኔም ፍንድት ብዬ ሳቅኩና ትወና እኮ ነው፣ አጨብጭቡ እንጂ አልኩ።

ማንም አላጨበጨበም።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ኑሮ አይደለም። ሳይረን መጮህ ተወ። ሻዩ ውስጥ በስኳር ፋንታ ጨው ብጨምርለት ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ጠጥቶ ቆንጆ ነው አለኝ። ቆንጆ ነው! ሰው እንዲህ ይናቃል? ምግብ ቤት ያለችው ሴትዮ ሳልጠይቃት ጭልፋ ትደግምልኛለች። ሻምበል ሰላም ብለውኝ እጄን መልቀቅ ይረሳሉ። ቢስቁብኝ ሥራዬ ነው፣ ሊያዝኑልኝ ማን ፈቀደላቸው?

ንዴቴን ይዤ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። ይስሙ እንጂ እትዬ፣ ሕጉ ለተማሪ ነው፣ እኔ ስምንተኛ ክፍልን በመስኮት ዘልዬ የወጣሁ ሰው ነኝ አልኳት። ቀልድ ከሆነ ቀልድ ነው፣ አላስገድድህም፤ ብትፈልግ ግን የሚያናግርህ ሰው አለ አለች። ሳልፈልግ የሚያናግረኝማ ሞልቷል አልኳት። ፈገግ አለች። ረታኋት ብዬ ልወጣ ስል አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ አለችኝ። ያ የቀልዱ መምህር፣ አሁንም ልጆች ያስተምራል?

እታለም፣ ያን ሰዓት ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው የደረሰኝ። የሒሳብ መምህሩ ጉንጮን ወዶት በነጻ ላስጠናልሽ፣ ከትምህርት በኋላ ቤቴ ይምጣ እንዳለሽ፣ ከደስታሽ ብዛት እንቅልፍ እንዳጣሽ ጽፈሻል። ላንተም እኮ ስንት ለፍቶ ነበር፣ ትምህርት ጠልተህ ጠፋህበት እንጂ፤ ጉንጮ እንኳ ይማርልኝ ብለሻል።

ኃላፊዋን አውቶቡስ ያመልጠኛል ብያት ተነሣሁ። የማድረው እዚሁ ግቢ ነው፣ የምን አውቶቡስ አለኝ? በሩ ላይ ስደርስ፣ ልጅ ካለበት እኔም ዝም ማለት አልችልም፣ ቤተሰቡ ግን ካንተ ቢሰማ ይሻላል አለችኝ። ልጅ አለ አላልኳትም እኮ! ይሄ ፊቴ ነው ያሳበቀብኝ።

እንግዲህ ጉንጮን አትላኪው። መምህሩ ቅር ይለዋል ካልሽ፣ ይበለው። ሰው ምን ይለኛል ካልሽ፣ አጎቱ ነው የከለከለው፣ አጎቱ ደግሞ ጤነኛ አይደለም በይ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርልሻል። ሒሳቡን በስልክ አብረን እናጠናለን፤ እኔም ክፍልፋይ ላይ ነው የቀረሁት። ልከሽው ከሆነ ግን ዛሬውኑ አስቀሪው። አትቆጪው፣ አትመርምሪው። አጠገቡ ቁጭ በይ፤ ከተናገረ ስሚው፣ ዝም ካለም አብረሽው ዝም በይ። ደግሞ ትምህርት ጠልቼ አልነበረም። ይህችን ብቻ አርሚልኝ።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ የልጅሽን ሳቅ አያጉድልብሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ምንም አትጠይቂኝ፣ አታልቅሺብኝም፤ ጉንጮ አጠገቤ ነው በይኝ፣ ይበቃኛል። በተረፈ ነገሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንድ ሥልጠና ወሰድኩ፣ አንድ ቀልድ ተበላሸብኝ፣ ይኸው ነው።

ትንሹ ወንድምሽ