የክረምት ማዕበል ሰዓት

ረቡዕ

ስልኬ ዛሬ በአማርኛ ሊያናግረኝ ሞከረ። ልጄ ሳምራዊት ናት «ማሚ፣ ኢዚ ይሆንልሻል» ብላ ቋንቋውን የቀየረችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «የክረምት ማዕበል ሰዓት። ከቅዳሜ ጀምሮ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ክረምት ለእኔ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናብና ጭቃ። ማዕበል የባሕር ነው። ሰዓቱስ ምን ቤት ነው?

ሳምራዊት ከሥራ ስትመለስ አሳየኋት። እስክታለቅስ ሳቀች። ለካ እንግሊዝኛው «ዋች» ነው የሚለው፣ ስልኩ የእጅ ሰዓት መስሎት ተርጉሞታል። ትርጉሙ ከባድ በረዶ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ ማለት ነው አለችኝ። ይመጣል ወይ? አይታወቅም። ታዲያ ለምን ያስደነግጡኛል?

እኔን ያስጨነቀኝ ቅዳሜ የሚለው ነው። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ዮናታን የሚባለው የሴንት ፖል ከተማ ልጅ ሳምራዊትን ሊያገባ የላካቸው ናቸው። ባለፈው ወር መጥተው ጠይቀዋል፤ ባሌ ግርማም እንደ ወጉ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። ማንንም አላማከረም። አኩርፏል። ስለ ልጁ መጀመሪያ የሰማው ብሉሚንግተን አብሮት የመንገደኛ ሻትል ከሚነዳ ሰው ነው። «የገዛ ልጄን ነገር ፓርኪንግ ሎት ላይ ሰማሁ» ይላል፣ በየቀኑ፣ እኔ ያልሰማሁት ይመስል።

ሐሙስ

ሳምራዊት ቁርስ ላይ አስተማረችኝ። ዋች፦ ሊመጣ ይችላል። አድቫይዘሪ፦ ይመጣል፣ ግን ተጠንቅቆ መንዳት ይቻላል። ዋርኒንግ፦ መጣ፣ ቤትህ ተቀመጥ። በአማርኛ ሦስቱም ማስጠንቀቂያ ናቸው። እኔን ደግሞ ሦስቱም እኩል ያስፈሩኛል።

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ካርታ ላይ ሐምራዊና ሮዝ ቀብቶ «ከአራት እስከ ስምንት ኢንች» አለ። ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ «ከስምንት እስከ አስራ ሁለት» አለ። ለይቅርታ አንድ ቃል የለም። ያው ክራቫት፣ ያው ፈገግታ።

ለግርማ ነገርኩት። ሬሞቱን ሳይለቅ፣ «ጥሩ። ካልመጡ መልሱ እሱ ነው፤ እግዜር ራሱ ተናገረ ማለት ነው» አለ።

«ቢመጡስ?»

«ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ እላቸዋለኋ።»

ገና ጥምቀት ማለፉ ነው! ሳምራዊት ደረጃው ላይ ሆና ሰማችው። ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ «ማሚ፣ አይ አም ሰርቲ ዋን፣ ልጅ አይደለሁም። ዳዲ አሁንም ፖስትፖን ካደረገው ኮርት ሃውስ ሄደን እንፈርማለን። እናንተም ከሰው ትሰማላችሁ» አለችኝ። ቁርጥ አባትዋን ናት። ሽንኩርቱን ትቼ ተቀመጥኩ።

ዓርብ

ዋቹ ዋርኒንግ ሆነ። ለእኛ ብቻ ግን። እኛ ያለንበት የብሩክሊን ሴንተር ካውንቲ፣ ወረዳው ማለት ነው፣ ዋርኒንግ፣ ሴንት ፖል ያለበት ካውንቲ አድቫይዘሪ። በረዶው መሐላችን ያለው ወንዝ ጋ ሲደርስ መታወቂያ ሊጠየቅ ነው? ሳምራዊት «ካውንቲ በካውንቲ ነው የሚያወጡት» አለች፣ ነገሩን ሁሉ የሚያስረዳ ይመስል።

ከቅዳሜ 12 ፒኤም ጀምሮ ይላል። ሥራ ቦታ እያለሁ፣ በእረፍቴ፣ ለሽማግሌዎቹ አለቃ ለጋሽ ተፈራ ደወልኩ። የልጅቱ እናት ለሽማግሌ መደወሏ ነውር ነው፤ ይሁን፣ መንገድ ላይ ከሚቀሩ ነውሩን እኔ ልሸከም።

«ጋሽ ተፈራ፣ ነገ ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከባድ በረዶ ነው። ከዚያ በፊት ቢደርሱልን?»

«አስራ ሁለት ሰዓት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል ልጄ? ከዚያ በፊትማ በደንብ እንደርሳለን።»

እርጋታቸው ደስ አለኝ። ሥጋውን ዛሬውኑ ከተፍኩ። መደወሌን ለግርማ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ላይ ነኝ። እኩለ ቀን ላይ፣ ያ ሰውዬ እንዳለው፣ በረዶው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። እነሱ የሉም። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤት አጥር ጠፋ። የሉም። ግርማ ሻይውን እያማሰለ «አልነገርኩሽም?» አለ። ድምፁ ግን እንደ አሸናፊ አልነበረም።

ጋሽ ተፈራ ስልክ አያነሱም። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጋ ደወልኩ።

«አሁን ወጡ» አሉኝ።

«አሁን?! በዚህ በረዶ?»

«ምን ነካሽ፣ አስራ ሁለት ሰዓት አልሽ አይደል እንዴ? አሁን ገና ሰባት ሰዓት ነው።»

እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። በፈረንጅ አስራ ሁለት እኮ የእኛ ስድስት ሰዓት ነው! ሆቴል ውስጥ ስሠራ የምናገረው በፈረንጅ ሰዓት፣ ቤቴ በአበሻ። የደወልኩት ከሥራ ነው፤ የሥራ አፌ አመለጠኝ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ባለ መኪናው ካሳሁን፣ ምሽት ይጀምራል ወዳልኳቸው በረዶ እኩለ ቀን ላይ ላክሁ።

«በረዶ እየጣለ ነው እኮ ብዬው ነበር» አሉ እትዬ አስካለ፣ «‹ይሄ ዋናው አይደለም፣ ዋናው በአስራ ሁለት ነው› ብሎኝ ወጣ።»

ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ ነው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ለግርማ ሁሉንም ነገርኩት። የሚጮህ መስሎኝ ነበር፤ ኮቱን ለብሶ በረንዳ ላይ ቆመ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። «ካሳሁን ነው የሚነዳው? ጎማውን ቀይሮ ይሆን?» አለ። ሳምራዊት እያለቀሰች ዮናታን ጋ ትደውላለች። እኔ ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ እዚህ አልጽፍም።

ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ።

ሦስቱም አሉ! መኪናቸው መንገዱ ጫፍ በረዶ ክምር ውስጥ ገብቶ በእግራቸው ነው የመጡት። የቄሱ ጥምጣም በረዶ ተከምሮበት ተለቅ ብሎ፣ የካሳሁን ጢም ነጭ ሆኖ። ጋሽ ተፈራ ጋቢያቸው ላይ በረዶ ተሸክመው የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማዕበሉ ሳይጀምር ደረስን» አሉ።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ግርማ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አለ። አልተቀመጡም። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ቢያንስ በጋሽ ተፈራ ሕግ። ምንጣፉ ላይ ውኃ እያንጠባጠቡ ቆሙ።

ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ አባቶቼ፣ ነገሩን ስናስብ… ከፋሲካ…» ብሎ መስኮቱን አየ። መስኮቱ ነጭ ነው። «ተመለሱ» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለ። ወዴት ይመለሱ? በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ማንም ሰው መንገድ እንዳይወጣ ይላል።»

ግርማ እኔን አየኝ፣ እነሱን አየ። «ሰማችሁ አይደል» አለ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ከላይኛው ፎቅ ሳምራዊት ስትዘል ተሰማ። እልል ልበል አልበል ግራ ገብቶኝ፣ በግማሽ ድምፅ አልኩት።

እሑድ

ዋርኒንጉ አልተነሣም። ጋሽ ተፈራ በግርማ ፒጃማ ቁርስ በሉ፤ ሱሪው አጥሯቸዋል። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ በመዋላቸው አዝነው ሳሎን ውስጥ ጸሎት አደረሱ። ካሳሁን ስለ ጎማ ያወራል። ግርማ ለሁሉም «አዎ፣ አዎ» ይላል።

ለካሳሁን ደግሞ ከሴንት ፖል «ስኖው ኢመርጀንሲ» የሚል መልእክት መጣለት። ሁላችን ደነገጥን። ኢመርጀንሲ ከዋርኒንግ ይብሳል ብለን። ሳምራዊት አይታው «ይሄ የመኪና ማቆሚያ ነው፣ መንገዱን እንዲጠርጉት መኪናችሁን አንሱ ነው የሚለው» አለች። በቃ፣ ከእንግዲህ ቃል አልፈራም።

በኋላ ልብስ ማጠቢያው ጋ ያዘችኝ። «ማሚ፣ የዳዲ እሺ ሪል እሺ ነው ወይስ የስኖው እሺ?»

አላውቅም። በእውነት አላውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬው ኖሬ የሰውዬውን ፊት ማንበብ አልቻልኩም፤ ገና ዋች ላይ ነው፣ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። መንገዱ ሲከፈት ቃሉን ቢያነሣስ? ይህችን ልጅ በምን ፊት አያታለሁ? ፈርቻለሁ።

ሰኞ

ዋርኒንጉ ተነሣ። ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጥርት ብሏል።

ጠዋት ግርማ መስኮት ላይ ቆሞ «ማነው እዚያ?» አለ። መንገዱ ጫፍ አንድ ወጣት የካሳሁንን መኪና በአካፋ እየቆፈረ ያወጣል። አወቅሁት። ዮናታን ነው። ቤቱ ድረስ አልመጣም፤ ሽማግሌ ልኮ ሳለ ራሱ በር ማንኳኳት ነውር መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። ሳምራዊት አልነገረችኝም፤ ፊትዋን ሳየው ግን ለእሷም አዲስ ነው።

«እሱ ነው» አልኩት።

ግርማ ኮቱን ለበሰ፣ የራሱን አካፋ ይዞ ወጣ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ቆፈሩ። ሲነጋገሩ አላየሁም። ግርማ አንድ ጊዜ የልጁን እጅ ይዞ አካፋው እንዴት እንደሚያዝ አሳየው። መስኮቱ ላይ እኔና ሳምራዊት ተያይዘን ቆመናል።

ሲመለስ ጫማውን እያራገፈ «አካፋ መያዝ አይችልም» አለ። ቀጥሎ «ጓንት የለውም፤ የእኔን አሮጌውን ስጪው» አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲሰናበቱ ግርማ ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ቀለበቱን ከጾሙ በፊት እናድርገው። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ተገናኝተን እንመካከር፣ በአስራ ሁለት ሰዓት» አላቸው።

ጋሽ ተፈራ እኔን አዩኝ። ከዚያ ግርማን። «በማን አስራ ሁለት?»

«በእኛ ነዋ!» አለ ግርማ።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳምራዊትም ነቀነቀች፣ ሽማግሌዎቹን ሊሸኝ በር ላይ የቆመው ዮናታንም። እዚህ ያደጉት ሁለቱ የትኛውን «እኛ» እንደሰሙ ነገ እጠይቃቸዋለሁ።