የመውጫው ቴርሞሜትር

ውድ ጋሽ ብሩሽ፣

የቁጥር ሁለት ማሽንን የመውጫ ቴርሞሜትር የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለእናቴም፣ ለልጄም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአፌ ስላልወጣ፣ አሁን ወረቀት ላይ ሳየው የሌላ ሰው ጥፋት ይመስለኛል። ግን የእኔ ነው።

መልኬን ረስተውት ይሆናል። በዚያ ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ኮሪደሩን እወለውል የነበርኩት የረዳትዎ ሚስት ነኝ። እርስዎ «እህት ዓለም» ይሉኝ ነበር። ከሰላምታ ውጭ ብዙ ቃል ከእኔ ሰምተው አያውቁም፤ እኔ ግን የእርስዎን ወሬ አንድም ሳይቀር እሰማ ነበር። የማሽን ክፍሉ በር ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነበርና።

ሰው ሁሉ ጋሽ ብሩሽ ያለዎት የቺለሮቹ፣ የነዚያ የሕንፃው ማቀዝቀዣ ማሽኖች፣ ቱቦዎች በብሩሽ ይጠረጉ ብለው ሲጨቀጭቁ ስለኖሩ ነው። የአሳንሰሩ ጠጋኝ በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር አንገቱን አስግጎ «ጋሽ ብሩሽ፣ ልጆችዎ ዛሬስ ጥርሳቸውን ታጠቡ?» ሲልዎት፣ ቀና እንኳን ሳይሉ «እነሱስ ታጥበዋል፣ አንተ ነህ የቀረኸው» ብለውት፣ እኔ መወልወያዬን ተደግፌ በሳቅ ፈርሻለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከአሮጌ ማሽን የተቆረጠች ቁራጭ ቱቦ አምጥተው አሳዩኝ። ውስጧ ነጭ ነገር ጋግሮባታል።

«እህት ዓለም፣ እስቲ ይህችን እዪልኝ» አሉ። «ነጯ ቅርፊት ከጥፍርሽ አትወፍርም አይደል? ማሽኑን ግን በፀሐይ ካፖርት ለብሰህ ሩጥ እንደማለት ነው። ከሕንፃው የሰበሰበውን ሙቀት አውጥቶ መጣል ያቅተዋል። ሲያቅተው ደግሞ መብራቱን ይበላል፣ ይበላል፣ አይጠግብም።»

ሥራ አስኪያጁ በተራው ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ አውጥተን እንጣላቸው ባይ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የተነጋገራችሁት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ማሽን በብሩሽ ወጣት ይሆናል ነው የምትለኝ?»

«እኔ አልልም፤ መለኪያው ይበል። ሳይጸዳ ይለካ፣ ይጽዳ፣ ከዚያ እንደገና ይለካ። ለዚያው ለአንድ ዓይነት ቅዝቃዜ የሚበላው መብራት አሥር በመቶ ካልቀነሰ ቁልፉን አስረክቤ እወጣለሁ።»

«ምስክር አለ?»

«እህት ዓለም ትሰማለች» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ።

ከውጭ የመጣው መሐንዲስ የመጀመሪያውን ልኬት ሲወስድ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከዚያ በፊት እርስዎ ቴርሞሜትሮቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ በረዶ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ነክረው፣ ዜሮ ላይ መቆማቸውን አይተው መልሰዋቸዋል። ዜሮ ላይ ያልቆሙት ላይ ቀይ ቴፕ እየጠቀለሉ መሳቢያ ውስጥ ጣሏቸው። «ቀይ ያሰረ ውሸታም ነው» ብለው ለባለቤቴ ሲነግሩት ሰምቻለሁ። ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ጽዳቱ የተጀመረ ዕለት ማሽኑ ተከፍቶ፣ ከቱቦዎቹ የሚወጣው ነጭ ጭቃ ወለሉን አጥለቀለቀው። የጽዳት ሠራተኛ ማሽን ክፍል እንዳይገባ ተከልክሎ ሳለ ባለቤቴ በጥድፊያ ጠራኝ። «ቶሎ ግቢና ይህን ውሃ ጥረጊልኝ፣ ሳያዩን» አለኝ። እናንተ ሁላችሁ በማሽኑ ወዲያኛው ጫፍ ቱቦ ውስጥ ብሩሽ እየገፋችሁ ነበር። እኔ ዞር ስል የመወልወያው እንጨት የቀዘቀዘው ውሃ መውጫ ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ገጨው። ድምፁ ከማንኪያ ድምፅ አይበልጥም። መስታወቱ ከአንገቱ ተቀንጥሶ ወደቀ።

ስብርባሪውን በጨርቅ ሰብስቤ መሳቢያውን ከፈትኩ። በቁመት የሚመሳሰለው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀይ አስሯል። ቴፑን ላጥኩት። ቴርሞሜትሩን ቱቦው ላይ በተበየደችው ኪስ ውስጥ ሰክቼ ወለሉን መወልወል ቀጠልኩ። ባለቤቴ እኔን በማስገባቱ እንዳይባረር ፈርቼ ነው። ደግሞም በልቤ «የአንድ ዲግሪ ውሸት ምን ያመጣል?» ብያለሁ። ይህን ያልኩት ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ ግንባሯን በእጄ ዳስሼ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ሰፈር ያስነሳሁ ሴት።

ሁለተኛው ልኬት ሲወሰድ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር። መሐንዲሱ «ቴርሞሜትሮቹ ይታመናሉ?» አለ።

«በበረዶ ፈትሻቸዋለሁ። ሁሉም ዜሮ ላይ ቆመዋል» አሉ እርስዎ። እውነትዎን ነበር። የፈተሹትን ነው የተናገሩት።

መሐንዲሱ መግቢያውን አነበበ፤ አሥራ ሁለት። መውጫውን አነበበ፤ ስምንት። የውሃውን ፍሰትና የመብራቱን ኪሎዋት ከራሱ መሣሪያዎች ላይ ጻፈ፣ አባዛ፣ አካፈለ። እርስዎ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው «ይድገሙልኝ» አሉ። ደገመው። «እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ። ሠለሰው።

«ፍጆታው ቀንሷል» አለ በመጨረሻ፣ «ቅዝቃዜው ግን ከዚያ በላይ ቀንሷል። ሲካፈል ጭራሽ ብሷል። ቱቦዎቹ ተጭረው ይሆናል።»

እንዴት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ማንበብ የተማርኩት ቆይቼ፣ ከልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ጋር ነው፤ ከዚያ ጋዜጣ፣ ከዚያ የባለቤቴ የቺለር መማሪያ፣ እሱን ሦስት ጊዜ። አሁን ይገባኛል። ውሃው በአሥራ ሁለት ገብቶ በሰባት ነበር የሚወጣው፤ ልዩነቱ አምስት ነው። የእኔ ውሸታም ቴርሞሜትር ሰባቱን ስምንት አለው፤ ልዩነቱ አራት ሆነ። ማሽኑ ከሠራው ሥራ አንድ አምስተኛውን በመወልወያዬ እንጨት ሰረቅሁት ማለት ነው።

ያን ዕለት ግን የገባኝ ነገር ነበር። እርስዎ ፊትዎ አመድ መስሎ «በረዶ አምጡልኝ፣ ቴርሞሜትሮቹን ልፈትሽ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ «ደግሞ ጥፋቱ የቴርሞሜትር ሆነ?» አለ። የአሳንሰሩ ጠጋኝ ሳቀ። መሐንዲሱ ዕቃውን እየሰበሰበ «አሁን ፈትሻለሁ አላሉኝም እንዴ?» አለዎት። እርስዎም ዞር ዞር ብለው ሁላችንንም አዩንና ጠየቁ፦

«ማንም አልነካቸውም? እባካችሁ፣ የነካ ሰው ካለ አልቆጣም።»

ዓይንዎ ከባለቤቴ ላይ አልፎ ወደ እኔ መጣ። ከእኔም አለፈ። የጽዳት ሠራተኛ ቴርሞሜትር ምን ያደርግላታል ብለው ይሆናል። ጨርቁን ባልዲው ላይ እስኪደርቅ ጨመቅሁት። ደርቆም ጨመቅሁት።

ቁልፉን ያን ቀን ከሰዓት አስረከቡ። እኔን ሲያልፉ «ደህና ሁኚ እህት ዓለም» አሉኝ። መወልወሌን ቀጠልኩ።

ቁልፉ ለባለቤቴ ተሰጠ። በሳምንቱ ምሳ እየበላን ድንገት ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ «ያን ቀን መሳቢያውን ከፍተሽ ነበር እንዴ?» አለኝ። «የምን መሳቢያ?» አልኩት። «እሺ» አለና ጉርሻውን አነሳ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ መሐንዲሱ ተመልሶ ለካ፤ በአንድ ጊዜ ማሽኑ ደህና ሆኖ ተገኘ። አለቆቹ ይህን የአዲሱ ኃላፊ ሥራ ነው አሉ። ባለቤቴ የምስጋና ወረቀት ተሸክሞ መጣና ቁም ሳጥን ውስጥ በግንባሩ ደፍቶ አስቀመጠው። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ልብሱን ስሰበስብ የሥራ ደብተሩን አገኘሁ። ቁልፉን በተረከበበት ሳምንት ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቁጥር ሁለት መውጫ። በበረዶ ውስጥ አንድ አነበበ። ቀየርኩት። አንገቱ ላይ የቴፕ ሙጫ አለ። ማን እንደሆነ አልመረምርም።»

እናም ያውቅ ነበር። ለእኔ ብሎ ዝም አለ፣ እኔም ለእሱ ብዬ ዝም አልኩ፤ በሁለታችን ዝምታ መካከል የወደቁት እርስዎ ነዎት። ዝም ማለትን ሁልጊዜ ጨዋነት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ያን ገጽ ካነበብኩ በኋላ እንደዚያ ማሰብ አልቻልኩም።

በዚያው ዓመት ፈልጌ አገኘሁዎት። ሌላ ከተማ ከአንድ ፋርማሲ አጠገብ ፍሪጅ እየጠገኑ መሆኑን ሰው ነገረኝ፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ መጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁዎት፤ ጸጉርዎ ነጭ ሆኗል። አንዲት ደንበኛ «ኧረ አባባ፣ ገና ሳይከፍቱት ምን እንደሆነ አያውቁም?» ስትልዎት «አላውቅም ልጄ። ድሮ አውቃለሁ እል ነበር» አሉ። ድሮ እንዲህ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። መንገዱን ሳልሻገር በመጣሁበት ተመለስኩ።

አሁን ለምን ጻፍሽ ቢሉኝ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ቤቴ መጣች። የከተማውን ሕንፃዎች ቺለር እየለካች ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ እንዴት እንደሚሻሻል የሚያስተምር ማሠልጠኛ መጽሐፍ ታዘጋጃለች። የእኛን ሕንፃ የድሮ ሪፖርቶች አግኝታለች።

«እትዬ፣ የባለቤትዎ ሥራ እኮ የሚደንቅ ነው!» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ፎቶግራፋቸውን ፈልጌ ነው። አንድ ምዕራፍ ለእሳቸው ሰጥቻለሁ።»

«ምን ሠራ ብለሽ ነው ልጄ?»

«ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሰው ቱቦዎቹን በብሩሽ አበላሽተው፣ እሳቸው እንዴት እንዳስተካከሉት ነዋ! አንዱ እንዴት መደረግ እንደሌለበት፣ አንዱ እንዴት መደረግ እንዳለበት፤ ጎን ለጎን።»

«የዚያ ሰውዬ ስምም ይጻፋል?»

«ሪፖርቱ ላይ ስላለ ይጻፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ፎቶግራፉን እፈልግልሻለሁ ብዬ ሸኘኋት። ቁልፍዎን አሳጥቼዎታለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ወጣቶች ስምዎን የጥፋት ምሳሌ አድርገው ሊያጠኑት ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። መሐንዲሱ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ሥራ አስኪያጁ ሞቷል፤ ባለቤቴም ሞቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

የሚያስፈራኝ እስር ወይም ሐሜት አይደለም፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ምን ያደርገኛል? የሚያስፈራኝ ልጄ ናት። አባቷ ሲሞት ያን የምስጋና ወረቀት ከቁም ሳጥኑ አውጥታ፣ በመስታወት አስገብታ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። አባቷን በአንድ ገጽ ልገድልባት ነው እያልኩ አራት ቀን እህል አልወረደልኝም። በአምስተኛው ቀን ደብተሩን እንደገና ከፈትኩ። ያቺን ገጽ ቀዶ መጣል ይችል ነበር፤ አልቀደዳትም። መናገር ያልቻለውን ቢያንስ ጽፎ አስቀምጦታል። እኔስ?

ጋሽ ብሩሽ፣ ይቅርታ ልለምንዎ አልጻፍኩም። ይቅር ቢሉኝ ደስ ይለኛል፤ ባይሉኝም አልፈርድብዎትም። የጻፍኩት ማንም ያልነገረዎትን ነገር ልነግርዎ ነው። መሐንዲሱ ተመልሶ ሲለካ፣ ከጽዳቱ በኋላ ማንም ማሽኑን አልከፈተውም ነበር። ባለቤቴ የቀየረው አንዲት ቴርሞሜትር ብቻ ነው፤ ደብተሩ ውስጥ ቀን በቀን ተጽፏል። ለዚያው ለአንድ ዓይነት ቅዝቃዜ የሚበላው መብራት በአሥራ ሁለት በመቶ ቀንሶ ነበር። ቱቦዎቹ አልተጫሩም። ያ ማሽን ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ካሉት በላይ ነው የሆነው። እርስዎ ልክ ነበሩ። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀኖች ሁሉም ልክ ነበሩ።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። አንዱ አሁን በእጅዎ ያለው ነው። ሁለተኛውን ነገ ጠዋት፣ ከደብተሩ ጋር፣ ለወጣቷ መሐንዲስ እሰጣታለሁ፤ ምዕራፉን በማን ስም እንደምትጽፈው ታውቃለች። ሦስተኛው የልጄ ነው። እሱን በሰው አልልክም። ቤቷ ሄጄ በእጇ እሰጣታለሁ፤ አንብባ እስክትጨርስም ከፊቷ አልነሳም።