የደሴቷ ብቸኛ መቀርቀሪያ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ከናፍቆትሽና ከባሕሩ ጩኸት በቀር ደህና ነን። ደሴቷንም እየለመድናት ነው። ከተማ ሳለን የጎረቤታችንን ስም ሳናውቅ አረጀን፤ እዚህ ግን ሳስነጥስ ከወዲያኛው ዳርቻ «ይማርህ!» ይሉኛል።

በሩን የሚቆልፍ ሰው እዚህ የለም። እኔ ግን ዛሬ ከበራችን አናት ላይ፣ የእናትሽ እጅ ከማይደርስበት፣ መቀርቀሪያ አስመታሁ። አናጺው ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ሌባውስ በምን ሊያመልጥ ነው? በዋና?»

«የከተማ አመል ነው» ብዬ አለፍኩት።

እናትሽ ደህና ናት። ትናንት ማለዳ በፒጃማዋ ወርዳ፣ ከታሰረች ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ፣ ባለጀልባውን «ገበያው ጋ ወራጅ አለ» ብላው ነበር። ደግ ሰው ነው። «እትዬ፣ ዛሬ መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ ክንዷን ደግፎ መለሳት። ከደጃችን ስትደርስ እንደ እንግዳ ቆማ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች። እኔም «ደጆች!» ብዬ አስገባኋት። ወንበር ስስብላት «አላስቸግርዎ» አለችኝ።

ስትመጪ፣ ከጀልባው እንደወረድሽ ዘለሽ እንዳታቅፊያት። አስቀድመሽ ስምሽንና የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪያት። የደሴቷ ልማድ ነው።

ብቻ ቶሎ ነይ፣ ልጄ። እስክንገናኝ ደህና ያቆይሽ፤ እኛንም ያቆየን።

አባትሽ