ለክቡር ተራ አስከባሪ፣ ከዓሣዎቹ ኋላ ስለተሰለፈችው ሕፃን

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ በነርሶች ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ፣ የሥርዓቱ እምብርት በሆነው በከርነሉ ወንበር ለተሰየሙት የተከበሩ የፕሮሰሰር ተራ አስከባሪ

ጉዳዩ፦ ሠላሳ ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ የጮኸ ደወልን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ማራገቢያዎ ሳይታክት እንዲዞር፣ ሙቀትዎ ከልኩ እንዳያልፍ፣ መብራትም በድንገት ሄዶ ከሥልጣንዎ እንዳያወርድዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በዚሁ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች ጠጋኝ ስሆን፣ ከአሥራ አንድ ቀን ወዲህ ደግሞ አያት ነኝ። የልጄ ልጅ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ማሞቂያ ውስጥ ተኝታለች፤ ክብደቷ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነው፤ ስምም ገና አልወጣላትም። እርስዎ አያውቋትም፤ እንዲያውቋትም አይጠበቅብዎትም። እኔ ግን ፈርቻለሁ፤ ስፈራ ቃል ስለማበዛ፣ ለደብዳቤዬ መርዘም አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ እንደመሆኑ፣ የሥራዎን ጠባይ ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ባስረዳ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ኮምፒውተርዎ ያረጀ ነው፤ ያለውም አንድ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ትእዛዝ የሚፈጽም አንድ አንጎል ብቻ ሲሆን፣ በዚያ በአንዱ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ፕሮግራሞች እንሥራ ይላሉ። እርስዎ ባለ አንድ ወንበር ጸጉር አስተካካይ ማለት ነዎት፦ አንዱን አስቀምጠው ሁለት ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ያደርጉና ያስነሡታል፣ የት ላይ እንዳቆሙ ይመዘግባሉ፣ ቀጣዩን ይጠራሉ፤ ይህንንም በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚያደርጉት ሁሉም ወንበሩ የራሱ ብቻ ይመስለዋል። ማን ቶሎ ቶሎ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚጠብቅ የሚወስኑት ደግሞ በየፕሮግራሙ ላይ በተጻፈ የትሕትና ቁጥር ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፕሮግራሙ ይበልጥ ትሑት ነው፤ ማለትም «እኔ ልቆይ፣ እናንተ እለፉ» ባይ ነው። የትሑታኑ ሁሉ መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነው። ይህን ካልኩ ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የልጄ ልጅ ትንፋሽ ቆመ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ፤ ውስጥ እግራቸውን ሰው አሸት አሸት ሲያደርግላቸው ያስታውሳሉ። ትንፋሽ ለሃያ ሰከንድ ሲቆም የሚጮህ የደወል ፕሮግራም የተጫነውም ለዚሁ ነው። በዚያች ሰዓት ታዲያ እርስዎ ወንበሩን ለሳምንቱ ሪፖርት፣ ለማተሚያው ወረፋ፣ ራሱን በራሱ ለሚያድስ ሶፍትዌር፣ እንዲሁም ማንም ዞር ብሎ በማያየው ሁለተኛ ስክሪን ላይ ለጌጥ በሥዕል ለሚዋኙ ሦስት ዓሣዎች ሲያከፋፍሉ ነበር። ዓሣዎቹ አንድም ጊዜ አልተደናቀፉም፤ ስለ ጅራታቸው ውብ አወዛወዝ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ደወሉ የጮኸው በሃምሳ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ነው። ልጅቱን ያተረፈቻት የረሳችውን እስክሪብቶ ልትወስድ ተመልሳ የገባችው ተረኛ ነርስ ናት፤ የከንፈሯን መጥቆር አይታ ውስጥ እግሯን አሸቻት። ደወሉ ሲጮህ ልጅቱ ራሷ እያለቀሰች ስለነበር፣ ነርሷ ወደ ስክሪኑ ዞር ብላ «አንተ ደግሞ አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለችው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ፤ እኔ ግን ደወሉ የጮኸበትን ሰከንድ ከስክሪኑ ላይ እየገለበጥኩ ነበር። ነርሷ እስክሪብቶዋን ባትረሳስ እያልኩ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሁለተኛ፤ ደወሉ ቦታ የሚሻማ ፕሮግራም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ፣ በየሰከንዱ ብንን ብሎ «ትተነፍሳለች?» ይልና ተመልሶ ይተኛል፤ ከእርስዎ የሚፈልገው የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው። ለዚህ ጭምት አገልጋይ ምን ቁጥር እንደተሰጠው ብመለከት አሥራ ዘጠኝ ሆኖ አገኘሁት። ዓሣዎቹ ዜሮ ናቸው። እንግዲህ በእርስዎ ቢሮ «እለፉ» ያለ ሁሉ ይታለፋል፤ ይህን እያወቅሁም ይህን ያህል በትሕትና መጻፌን ይታዘቡልኝ።

ሦስተኛው አቤቱታዬ እርስዎን እንኳ ብዙም አይመለከትም፤ ነገር ግን ሰዎቹ ስላልሰሙኝ ለእርስዎ ከማመልከት ሌላ ምርጫ አጣሁ። የክፍላችን ደወል ቁጥር በዚያው ቀን ተስተካክሏል። ይሁንና በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቁጥር የተዘጋጁት ኮምፒውተሮች አምስት ነበሩ። ሁለቱ እዚህ አሉ። ሦስቱ ሕንፃው ቀለም ሲቀባ ለሌሎች ሆስፒታሎች ተሰጥተው ሄደዋል፤ ወዴት እንደሄዱ መዝገብ ቤት ብጠይቅ፣ መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ወጥቷል» የሚል ቃል ብቻ ነው። የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ወላጆችን በከንቱ እንዳላሸብር መክረው፣ ጉዳዩ ለኮሚቴ እንደሚቀርብ ነግረውኛል። ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቀን አልተቆረጠም። በዚህ መሐል የሦስት ሕፃናት ትንፋሽ ከዓሣ ኋላ ተሰልፎ ይሆናል፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ቀልቤ ይገፈፋል።

ስለዚህ በእርስዎ ፈቃድ አንባቢያንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ፣ የእኅታችሁ ልጅ፣ የጎረቤታችሁ ልጅ እንዲህ ባለ ስክሪን ሥር ተኝታ ከሆነ፣ የኮምፒውተሩን ጀርባ እዩልኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከሁሉ ይቅደም፣ 19» የሚል ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት ካገኛችሁ፣ ወረቀቱን አትመኑት። ባለሙያ አስጠሩ፤ እስኪመጣም ድረስ ስክሪኑን ትታችሁ የልጅቱን ደረት ተመልከቱ። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ እስካሁን የጠየቀ ሰው የለም።

እኔም እንደዚሁ እያደረግሁ ነው። በምሳ ሰዓቴ ወንበር ስቤ ከማሞቂያው አጠገብ እቀመጥና ትንፋሿን በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ቁጥር ሲምታታብኝ ደንግጬ እንደገና እጀምራለሁ። ልጄ ግን፣ እናቷ ማለቴ ነው፣ ተረጋግታ ትተኛለች፤ ስትነቃም የሌሎቹን እናቶች ጀርባ እያሻሸች ታጽናናለች። ያን እርጋታዋን ባየሁ ቁጥር ፍርሃቴ ይብሳል።

በመጨረሻም፣ የሳምንቱ ሪፖርት በሰዓቱ ስለታተመ፣ ሶፍትዌሩም በሚገባ ስለታደሰ፣ ከሁሉ በላይ ሦስቱ ዓሣዎች በሙሉ ጤንነት ስለሚገኙ የተሰማኝን ደስታ እየገለጽኩ፣ ይህ ማመልከቻዬ ተራው ደርሶ እስኪታይ ድረስ በሩን ሳላንኳኳ የምጠባበቅ መሆኔን በአክብሮት አረጋግጣለሁ።

ትንፋሽ ቆጣሪው አያት፣
የመሣሪያ ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ፣ ለኮሚቴው እንዲያቀርቡት፣
ለመዝገብ ቤት፣ «ወጥቷል» ከሚለው ቃል አጠገብ እንዲያያዝ፣
እስክሪብቶዋን ለረሳችው ነርስ፣ ከምስጋና ጋር።

ሳልረሳው፦ ክቡር ሆይ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ነርሶቹ ደወሉ ከሁሉ ቀድሞ እንዲሰማ ሲጠይቁ፣ ቁጥር ሲበልጥ ክብርም የሚበልጥ መስሎት፣ መመሪያውን ገልጦ ሳያይ ትልቁን ቁጥር የሰጠው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎም የለጠፈው እኔ ነኝ። እርስዎ የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ የሚወቀሱበት ነገር የለም። ልጄ እናቶቹን የምታጽናናው «አይዟችሁ፣ ማሽኑን ያስተካከለው አባቴ ነው» እያለች ነው። ቁጥሩን አርሜዋለሁ፤ እሷን ፊት ለፊት ማረም ግን ስላቃተኝ፣ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ሰጠሁ።