ቴሌቪዥኑን ከላጥኩት ወዲህ

ጥቅምት 4

ቤት ጠረግሁ። ሰውዬው፣ ባሌ፣ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣው ፀጉሩ ብቻ ነው... ሠላሳ ዓመት አውቶብስ የነዳ ሰው፣ አሁን የሚነዳው ሪሞት ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ የነገረኝን ቆጠርኩ። አራት ቃል። «ዞር በይ» ሁለት ጊዜ።

ይኸው ሰው የገዛውን ዕቃ ላስቲክ አያነሣም። ሪሞቱ በላስቲክ፣ ወንበሩ በላስቲክ። ዛሬ የቴሌቪዥኑን አቧራ ስወለውል፣ ጥጉ ላይ አንድ ስስ ላስቲክ ተነሥቶ አየሁ። እጄን በላኝ። በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ፣ በቢላዋ ጫፍ እያነሣሁ... እምቢ ሲለኝ እልህ ያዘኝ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሙጫውን ጠራርጌ በኩራት ከፈትኩት።

ነጭ። ድምፅ አለ፣ ሰው የለም። የታጠበ አንሶላ!

ልጣጩን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሰውዬው መጥቶ ምን ሆኖ ነው ሲለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር አልኩት። መብራቱን ሲረግም ዋለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ጥቅምት 5

የቴሌቪዥን ጠጋኝ አስጠራሁ። ሰውዬውን ሳሙና አልቋል ብዬ ሱቅ ላክሁት። አልቆ ነበር? የት አባቱ...

ጠጋኙ አንዴ አይቶ ሳቀ። «እትዬ፣ ላጡት አይደል?» አለኝ። ለካ ላስቲክ አይደለም።

ሳልረሳው እንደገባኝ ልጻፈው። ሥዕሉ ራሱ የሚበራ ይመስለኝ ነበር። አይበራም። የሚበራው ከኋላው ያለ ነጭ መብራት ነው። ከመብራቱ ፊት ሚሊዮን ጥቃቅን መስኮቶች አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ። ሦስቱም ሲከፈቱ ነጭ ይታያል። ቀዩና አረንጓዴው ብቻ ሲከፈቱ ቢጫ። ሁሉም ሲዘጉ ጥቁር።

ታዲያ ማን ይዘጋቸዋል? ጠጋኙ በደብዳቤ አስረዳኝ። ሁለት በር ያስቡ አለኝ። የኋለኛው በር የደብዳቤ ቀዳዳው የቆመ ነው፣ የፊተኛው የተጋደመ። ቆሞ የገባ ደብዳቤ በሁለተኛው እንዲወጣ፣ መሀል ላይ የሚያጋድመው ያስፈልጋል። በሮቹ ሁለት ስስ ልባሶች ናቸው፤ ደብዳቤው ብርሃን። መሀል ላይ የሚያጋድመው፣ ፈሳሽም ጠጣርም መሆን ያቃተው አንድ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ሲነካው ማጋደሉን ይተዋል፣ ብርሃኑ በር ላይ ይቀራል፣ ነጥቡ ይጠቁራል። ትንሽ ሲነካው ደብዘዝ ይላል። ይኸው ነው።

እኔ የላጥኩት የፊተኛውን በር ነው። ደብዳቤው ሁሉ ያለከልካይ ይወጣል... ነጭ!

ሥዕሉ ግን አልሞተም አለኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰውዬውን የመንጃ መነጽር አውርዶ ሰጠኝ። ነጸብራቅ የሚከለክል መነጽር ለካ ልክ እንደዚያ ልባስ ነው። አደረግሁት። ዜና አንባቢዋ ቁጭ ብላለች! አንገቴን ዘንበል ሳደርግ ጥርሷ ጠቆረ፣ ፀጉሯ ነጣ። እስኪበቃኝ ሳቅሁባት።

አዲስ ልባስ አዝዞ መለጠፍ ይቻላል አለ። አትቸኩል አልኩት። ለሰውዬውም እንዳይናገር አስማልኩት። ሆድ ይፍጀው።

ጥቅምት 7

ሰውዬው ምሳ ላይ ዓይኑን የሚጥልበት አጥቶ እኔን አየኝ። መጀመሪያ ስለ ወጡ ጨው ተናገረ። ቀጥሎ በር ተሸክሞ አውቶብስ ስለተሳፈረ አንድ ሰው ነገረኝ። መውረጃው ሲደርስ ሰውየው የተሸከመውን በር አንኳኳ አሉ። ትን እስኪለኝ ሳቅሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አልነገረኝም!

ጥቅምት 9

ጠዋት ጠዋት በእግሩ መሄድ ጀምሯል። እሱ ሲወጣ እኔ መነጽሩን አደርግና ድራማዬን አያለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ። ሌብነት ለካ ይጣፍጣል።

ጥቅምት 12

ዛሬ ስለ እናቱ አወራኝ። እኔም ያላወራሁትን አወራሁ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ...

ልንገረው? ከነገርኩት መነጽሩን አድርጎ ዝም ይላል። ካልነገርኩት ደግሞ ውሸቴን ተሸክሜ እስከ መቼ? የቴሌቪዥኑ ነገር አይደለም የሚያስፈራኝ። ሰውዬዬን ደግሜ እንዳላጣው ነው።

ጥቅምት 15

ከገበያ ቶሎ ተመለስኩ። እጅ ከፍንጅ ያዝኩት! ነጩ ቴሌቪዥን ፊት፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ለኳስ ተጫዋች በሹክሹክታ ይቆጣል።

ካወቀ አምስት ቀኑ ነው። ከእግር ጉዞው ሲመለስ ባዶ ነጭ ነገር እያየሁ ስስቅ በመስኮት አይቶኛል። አበደች ብሎ ደነገጠ። ቆይቶ ነው መነጽሩን ፊቴ ላይ ያየው።

ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት።

«ከነገርኩሽ ወሬው ይቀርብኛል ብዬ ነዋ።»

«ዝም የሚለው ማን ነው፣ አንተ ወይስ እኔ?»

«አንቺ ነሻ። እኔ ቴሌቪዥን ስከፍት አንቺ ጓዳ ትገቢያለሽ። ጭር ሲልብኝ ድምፁን እጨምራለሁ።»

እውነት ጓዳ ነበር የምገባው? ነበር። ከኩርፊያዬ ጋር። አፈርኩ።

ልጣጩን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ተናዘዝኩ። ገላብጦ አየውና መብራቱን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ አለ።

ጥቅምት 16

መነጽሩን ከአፍንጫ ማረፊያው ላይ ለሁለት ሰበረው። ለእሱ አንድ መስታወት፣ ለእኔ አንድ። አንድ ሶፋ ላይ ተጠጋግተን፣ አንድ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን ተቀመጥን። ሰው ቢያየን ምን ይላል... ጠጋኙ ልባሱ ተገኝቷል ብሎ ደወለ። ሰውዬው ስልኩን ተቀብሎኝ ሥራ ላይ ነን አለው።

ከሰዓት ኳስ ነበር። ቡድኑ ሲገባበት መስታወቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ ነጭ የለበሱት ይጠቁራሉ፣ እሱም የገባው ለእኛ ነው ይላል። እንዴት እንደሆነ ግን አልገባውም። ጠየቀኝ። ከኋላው መብራት ጀምሬ፣ ሁለቱ በሮች ጋ ደረስኩ። ይህን ጊዜ ዳኛው ፊሽካ ነፋ፣ ቅጣት ምት ሊመታ ነው። ዝም አልኩ፣ ልማዴ ነው።

ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን አጠፋው።

«ቀጥዪ እንጂ» አለኝ።