ትንሽ አሟት ነው

ለውድ እህቴ ለዘመናይ፦

እንደምን ከርመሻል፣ እንደምንስ ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮስ አልጠናብሽም? ባለቤትሽ ጋሽ ደባልቄስ ደኅና ነው? ልጅሽ ፌቨን ለፈተና እያነበበች ነው ወይስ እንደ ልማዷ ስልኳ ላይ ተደፍታለች? እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ የአሶሳን ሙቀት ለምጄዋለሁ። ስለ እማዬ ግን ሰላምታ መካከል ሸጉጬ አልጠይቅሽም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ እሷ ነውና።

እሑድ ደውለሽ «እማዬን ትንሽ አሟት ነው፣ ሥራህን አስፈቅደህ ብቅ በል» አልሽኝ። አውሮፕላኑ ሞልቷል ስለተባልኩ የቅዳሜውን ቆርጫለሁ፤ በመኪና እንዳልመጣ የመንገዱን ነገር አንቺም ትሰሚያለሽ። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሐኒ አብራኝ የምታስተምር የአገራችን ልጅ ናት፤ እሷ ቀድማ ቦታ ስላገኘች ነገ ትበራለች። በስልክ ለምን አልጠየቅከኝም እንዳትዪ፤ ጠይቄሽ «አለች» ብለሽኛል። ያላመንኩሽ እኔም አንድ ጊዜ ለሰው «አለ» ብዬ ስለማውቅ ነው።

ሰውየው ኦሊያድ ይባላል፣ ቢሮ የምንጋራ የመንዲ ልጅ ነው። አምና ጥቅምት ላይ ወንድሙ ገመቺስ ለእኔ ደወለና «አባታችን አርፏል፤ አንተ ግን ታሟል በለውና አሳፍርልን» አለኝ። ወጉ ነው፤ ሰው መርዶውን ብቻውን ሰምቶ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ይባላል። እኔም እንደተባልኩት አልኩት። ኦሊያድ ፊቴን ትኩር ብሎ አየና «አንተ እውነትን የምታስተምር ሰው ነህ፤ አባቴ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለ» አልኩት፣ ዓይኔን እንኳ ሳልሰብር። ቃሌን አምኖ ገበያ ወጣ፤ ሽማግሌውን ብርድ መትቷቸው ይሆናል ብሎ ወፍራም ካፖርት ሲመርጥ የዕለቱ መኪና አመለጠው። በማግስቱ ካፖርቱን ታቅፎ ሲደርስ ሰዉ ከመቃብር እየተመለሰ ነበር።

ሲመለስ አልተጣላኝም። ካፖርቱን ወንበሬ ላይ አንጠለጠለና «አንተ ልበሰው፤ አለ ያልከው አንተ ነህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም እንባባላለን እንጂ የልቡን አያጫውተኝም። ካፖርቱን ቤቴ ወስጄ ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት፤ ለሰው መስጠትም ሆነ መልበስ አልቻልኩም። ወደ ቤት በገባሁ ቁጥር ሰው የቆመ ይመስለኛል። ያስፈራኛል ብልሽ አትሳቂብኝ።

እንጀራዬ እንደምታውቂው ፍልስፍና ማስተማር ነው። እውነት ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ አንዳንዶቹ ፈላስፎች ንግግራችን ካለው ነገር ጋር ሲገጥም ነው ይላሉ። ሌሎቹ ከምናምናቸው ከሌሎች ነገሮች ጋር ሲስማማ ነው ሲሉ፣ የቀሩት ደግሞ አምነን ስንሄድበት ካደረሰን እውነት ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ሻዕባን የሚባል የበርታ ልጅ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ አባት የሞተበትን ሰው ታሟል ብለን የምንጠራው ከሦስቱ የትኛው ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ «ሦስተኛው ነዋ፤ ሰውየውን ቤቱ አድርሶታል» አልኩት። «ቤት ደርሷል። አባት ጋር አልደረሰም» አለኝ። የኦሊያድን ነገር የነገረው ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

አንቺ ከደወልሽ ወዲህ ቃልሽን በሦስቱም መዘንኩት። የእማዬን አልጋ ከዚህ ሆኜ ማየት ስለማልችል የመጀመሪያው ቀረ። በሁለተኛው ያላችሁትን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንቺ «ትንሽ አሟት ነው»፣ ጋሽ ደባልቄ «ትንሽ አሟት ነው»፣ ያቺ ለፍላፊ ፌቨን እንኳ ቁጥብ ብላ «ትንሽ አሟት ነው»። አገናኙኝ ስል ተኝታለች አላችሁኝ፤ ደግሜ ስደውል ጉሮሮዋን አሟት ሐኪም እንዳትናገር ከልክሏታል። ሁሉም ልክክ ይላል። እኛ ቤት ሦስት ሰው በአንድ ቃል የሚናገረው መቼ ነው ዘመናይ? ተመካክሮ ካልሆነ በቀር? ሦስተኛውም ቢሆን ሠርቷል፤ ይኸው ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ክፉ ሠራሽ ማለቴ አይደለም፤ አንቺ ያደረግሽው እኔ ያደረግኩትን ነው። ግን ስጦታ ታቅፌ ድንኳን መግባት አልፈልግም። ትናንት እግሬ ራሱ ገበያ ወስዶኝ አንድ ቅርጫት ማንጎ ገዛሁላት፤ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቀና ብዬ ማየቱን ፈርቼዋለሁ። ሐኒ አይታ ትነግረኛለች እንዳልል ደጃፍ ላይ ቃል እንደምታስገቢያት አውቃለሁ፤ እሷንም እንደ እኔ አታድርጊያት። ካለች አለች በይኝ፣ ከሌለችም የለችም በይኝ። መውደቅ ካለብኝ እዚሁ ወድቄ ልነሣ።

ጋሽ ደባልቄን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ፌቨንን ጉንጯን ሳሚልኝና አጎትሽ አልተቀየመሽም በያት። ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሰላም በይልኝ። የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ። ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብቢላትና ያለችውን ቃል በቃል በስልክሽ ጻፊልኝ፤ በቁሟ እንዳለቀስኩባት ስትሰማ ዝም አትለኝም። ስድቧን ላኪልኝ፤ እሱን አንቺ ፈጥረሽ ልትጽፊው አትችዪም።

ወንድምሽ ምንያህል
አሶሳ፣ ግንቦት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.