በአንድ ሪሲቨር ለቤቱ ሁሉ ያዳረሱት ጋሽ ሲግናል

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሲግናል» እያለ የሚጠራቸው የእናቴ ወንድም፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው በጥር ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ የሬዲዮ ጥገና ተማሩ። ፈትተው መግጠም ያቃታቸው የእናታቸውን ሬዲዮ ብቻ እንደነበር ይነገራል።

በ1982 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ዲሽ ሲመጣም ቀሪ ዕድሜያቸውን በሰው ጣሪያ ላይ አሳለፉ። ከላይ ሆነው ሳህኑን ገፋ እያደረጉ «መጣ?» ሲሉ፣ ከታች «መጣ! ኧረ ሄደ!» የሚላቸው ሰው ካልቆመ ሥራ አይጀምሩም ነበር።

ልጆቻቸው «በየክፍላችን ይግባልን» ሲሏቸው እምቢ አላሉም፤ መኝታ ቤቶቹን ሁሉ በገመድ አዳረሱ። ሪሲቨሩን ግን አንድ ብቻ አድርገው ሳሎን አስቀመጡት። እሳቸው የከፈቱት ቻናል በየክፍሉ ይታያል ማለት ነው። ደንበኞቻቸው «ጋሼ፣ ለሰው በየክፍሉ ሪሲቨር እየተከሉ ለራስዎ ቤት ይሰስታሉ እንዴ?» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ «ልጆቼ ቀይርልን ለማለት እንኳ ሳሎን ብቅ ይላሉ» ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ብቅ ይሉ ነበር። ኋላ ግን ግድግዳ መምታት ተለመደ፤ አንዴ ከተመታ ኳስ፣ ሁለቴ ከተመታ ፊልም። ባለቤታቸውም ከመኝታ ቤት «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ድራማዬ ሊያልቅ ነው» ይሏቸዋል። እሳቸው ይቀይራሉ። ራሳቸው ምን ማየት ይወዱ እንደነበር ይህን ስጽፍ ቤተሰቡን ጠየቅሁ። የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቅም።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ሳሎን እንደተቀመጡ ዐረፉ። ቴሌቪዥኑ በየክፍሉ ማለቂያ በሌለው የፍራሽ ማስታወቂያ ላይ ቆመ። ግድግዳው አንዴም ሁለቴም ተመታ። በመጨረሻ ትንሿ ልጃቸው ተናዳ ወጣች፤ «አባዬ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» ብላ ሪሞቱን ከእጃቸው ወስዳ ቻናሉን ቀየረች። ከእናቷም ከወንድሟም ክፍል «ተመስገን» የሚል ድምፅ ተሰማ። የአባቷ እጅ መቀዝቀዙን ያስተዋለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን አንቀጽ እንድሰርዘው የለመኑኝ ነበሩ። እሷ ግን «ይነበብ» አለች።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እኔ የእህታቸው ልጅ ከኋላቸው ቀርተናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁላችንም የምንቀመጠው ሳሎን ነው፤ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም፤ የእሳቸውን ወንበር የደፈረ የለም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያኑርልን። «መጣ?» ብለው ሲጣሩም ቶሎ የሚመልስላቸው ሰው ከአጠገባቸው አይጥፋ።